መብራቱ ጠፋ፣ ስብከቱ መጣ፦ ስለ ቤት ወጎቻችን

በየኅብረቱ የሥነ ጽሑፍ ምሽት ከሚነበቡት ሥራዎች ውስጥ ግጥሙ እንደ ወትሮው ይበዛል። ከግጥሙ ጎን ግን አንድ ሌላ ዓይነት ጽሑፍ እየተበራከተ መጥቷል። ጸሐፊዎቹ አንዳንዴ «ገጠመኝ»፣ አንዳንዴ «አጭር ምስክርነት»፣ ደፈር ያሉት ደግሞ «ወግ» ይሉታል። ጉዳዩ የቤት ጉዳይ ነው። መብራት ጠፋ፤ በፈረቃ የሚመጣው ውሃ በፈረቃው ቀን ሳይመጣ ቀረ፤ ታናሽ ወንድም ሪሞቱን ሶፋ ሥር ደበቀው፤ ለሁለት ሰዓት ተቀጥሮ የነበረው የቤተሰብ ጸሎት እናት ድራማዋን እስክትጨርስ ለሦስት ሰዓት ተላለፈ።

እኔ ይህን ጽሑፍ በደስታ ከሚቀበሉት ወገን ነኝ። ስለ ቀራንዮም ስለ ሰማይ ቤትም ሃያ ግጥም የጻፈ ወጣት፣ ስለ ገዛ ቤቱ ጓዳ አንድ ገጽ መጻፍ ሲያቅተው ማየት ያሳዝናል። አሁን መጻፍ ጀምረናል፤ እሰየው ነው። የሚያስቸግረኝ አጨራረሳችን ነው።

ምሳሌ ልስጥ። የማንም ሰው ጽሑፍ አይደለም፤ የብዙዎቹን መልክ እንዲይዝ አድርጌ እኔው የገጣጠምኩት ነው። አንዲት እህት ቅዳሜ ጠዋት እንጀራ ልትጋግር ትነሣለች። ሊጡ ኩፍ ብሏል፣ ምጣዱ ግሏል፣ ማሰሻው ቦታው ላይ ነው። አራተኛው እንጀራ ገና ዓይን እያወጣ ሳለ መብራት ይጠፋል። አክምባሎውን ከፍታ ታያለች፤ ዳር ዳሩ በስሏል፣ መሐሉ ሊጥ ነው። በምጣዱ ግለት ይበስል እንደሆነ ብላ መልሳ ትከድነዋለች። እናቷ ከጓዳ «ካርድ አልቆ እንዳይሆን ቆጣሪውን እዩት እስቲ!» ይላሉ። ወንድሟ በሩ ድረስ ይሄድና ቆጣሪውን ሳያይ ተመልሶ «የሰፈሩ በሙሉ ነው የጠፋው» ይላል። ከሰዓት በኋላ እንግዳ አለ። ሊጡ እየኮመጠጠ ነው። የማገዶ ምጣድ ያላቸው ጎረቤት አሉ፤ ሆኖም ከእነሱ ጋር በአጥር ነገር ከተኳረፉ ሁለት ወር ሆኗቸዋል።

እዚህ ድረስ ማንም አንባቢ ወረቀቱን ከእጁ አያስቀምጥም። አዳራሹም ይስቃል። በተለይ ቆጣሪውን ሳያይ የተመለሰው ወንድም የሁላችንም ወንድም ስለሆነ ይሳቅበታል። ከዚያ የመጨረሻው አንቀጽ ይመጣል። ልጅቷ ትጠፋለች፤ ምጣዱም ይጠፋል፤ አንድ ሰባኪ ማይክ ይዞ ይቆማል። የዚህ ዓለም መብራት ይጠፋል፣ የማይጠፋው ብርሃን ግን ክርስቶስ ነው ይለናል። እኛስ እንደዚያ እንጀራ ግማሽ የበሰልን ክርስቲያኖች አይደለንም ወይ ብሎ ይጠይቀናል። አሜን እንላለን፤ እናጨበጭባለን።

የተናገረው ሁሉ እውነት ነው። በእውነትነቱ ላይ ክርክር የለኝም። ነገር ግን ያ ሊጥ ምን ሆነ? ልጅቷ ቡሃቃዋን ተሸክማ ወደ ተኳረፉት ጎረቤት ደጅ ሄደች ወይስ አልሄደችም? በሩን ስታንኳኳ ማን ከፈተላት? ጽሑፉ በገዛ እጁ ያነሣው ጥያቄ ይህ ነበር። ወንጌልም በዚያ ገጽ ላይ የሚገባበት በር ቢኖር ይኸው በር ነበር። ምክንያቱም የሁለት ወር ኩርፊያን በሊጥ ምክንያት መስበር ቀላል ነገር አይደለም። የመጨረሻው አንቀጽ መንፈሳዊ ሊሆን ብሎ ከመንፈሳዊው ጉዳይ ሸሸ። እንግዲህ በዚህ ዓይነት አጨራረስ የምከራከረው ስብከት ስለበዛበት አይደለም። ስብከቱ የተቀመጠው ጽሑፉ ሊነካው የፈራው ነገር ላይ ነው፤ ቁስል ላይ እንደሚለጠፍ ፕላስተር።

«ነቢያቱስ በቤት ዕቃ አልሰበኩም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ሰብከዋል። ሆሴዕ በምዕራፍ 7 ኤፍሬምን ካልተገላበጠ ቂጣ ጋር ያመሳስለዋል፤ አንዱ ጎኑ ያረረ፣ ሌላው ጥሬ። (የእኛ እንጀራ ድሮም አይገላበጥም፤ ስለዚህ ምሳሌውን ለእንጀራ ስናውለው ትንሽ እንጠንቀቅ።) ሆሴዕ ግን የጋጋሪዋን ታሪክ ጀምሮ መንገድ ላይ አልተዋትም። ዓይኑ ከመጀመሪያው ሕዝቡ ላይ ነበር፤ ቂጣውን በአንድ ዓረፍተ ነገር አንሥቶ በዚያው ተጠቀመበትና አለፈ። አንድ ገጽ ተኩል ሙሉ ስለ አንድ ቤት ካወራን በኋላ ግን አንባቢው ቤቱ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። ተነሥ፣ ይህ ሁሉ ለምሳሌ ነበር ማለት እንግዳ ጋብዞ ቡናው ሳይፈላ እንደ መሸኘት ነው።

ልማዱ ከየት እንደመጣ መገመት አያስቸግርም። ያደግነው በስብከት ምሳሌ ነው። ሰባኪ አርባ ደቂቃ ሕዝብን ነቅቶ ለማቆየት ትንሽ የቤት ወሬ ጣል ያደርጋል፤ ይህ የሙያው ወግ ነው፤ ማንም አይወቅሰውም። እኛ ስንጽፍም ጆሯችን ላይ ያለው ድምፅ እሱ ነው። ሌላም ምክንያት አለ፤ ፍርሃት። ጥቅስ የሌለበት ጽሑፍ ሽማግሌዎች ፊት ማንበብ ያስፈራል። መድረክ መሪውም ጽሑፉ እንዳለቀ «እሺ፣ መልእክቱ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መጠየቁን የሚያውቅ ጸሐፊ መልሱን አስቀድሞ ይለጥፋል። ስለዚህ ጥፋቱን ለወጣቶቹ ብቻ መስጠት አይገባም፤ አንባቢውና አድማጩም ያዘዘው ነገር ነው።

ቋንቋችን ስለ ጉዳዩ የሚያውቀው ነገር አለ። ወግ የምንለው ቃል በአንድ በኩል ሥርዓት ነው፤ «ወጉ እንዲህ ነው»፣ «ለወግ ለማዕረግ ያብቃህ» እንላለን። በሌላ በኩል ደግሞ ዝም ብሎ ወሬ ነው፤ ምሽቱን ሲያወጉ አመሹ ይባላል። ጨዋታም እንዲሁ ነው። ልጅ ሲሯሯጥ ጨዋታ ነው፤ አዋቂ ተቀምጦ ሲያወራም ጨዋታ ነው። እንግዳ ሲመጣ «ተጫወት እንጂ» የምንለው ኳስ እንዲያመጣ አይደለም። መዝናኛ የሚለው ቃል ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ጋር አብሮ ከመንሰራፋቱ በፊት የቤታችን መዝናኛ ሰው ነበር፤ ሰውም የሚዝናናው በዕለቱ በገጠመው ነገር ነበር። አህያዋ እንዴት እንደጠፋች፣ ወጡ እንዴት እንዳረረ፣ ገበያ ላይ ማን ማንን እንዳታለለ ይወራል። እንዲህ ያለውን ጨዋታ «ትምህርቱ ምንድን ነው?» ብሎ ያቋረጠ ሰው ቢኖር «ወገኛ» ይባል ነበር።

በመጽሐፍ መልክ ይህን ዓይነት ጨዋታ ራሱን የቻለ የድርሰት ዘርፍ አድርገው ካስተዋወቁን ውስጥ ስሙ ቀድሞ የሚነሣው መስፍን ሀብተማርያም ነው። «የቡና ቤት ስዕሎችና ሌሎችም ወጎች» የሚለውን ርዕስ አይቶ የሚደነግጥ ወንድም እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ መደንገጡን ትቶ ቢያነብ ግን ለመጻፍ ይጠቅመዋል። በጋዜጣ በኩል ደግሞ አዲስ አድማስ አለ። በ1992 ዓ.ም. በአሰፋ ጎሳዬ የተመሠረተው ይህ ሳምንታዊ ጋዜጣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲወጣ፣ ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚገልጠው የኤፍሬም እንዳለን «እንጨዋወት» ነበር። የዓምዱ ስም ራሱ የነገርኳችሁ ቃል ነው። ኤፍሬም አንባቢውን ሰላም ብሎ ይጀምራል፤ ሲጨርስም ተሰናብቶ ነው። በመሐሉ ከኑሮ ውድነት ወደ ሰርግ፣ ከሰርግ ወደ ታክሲ፣ ከታክሲ ወደ ቀልድ ይዘላል። ሁሉም ትንንሽ ነገር ነው፤ ሁሉም ብሶት ነው። ነገር ግን ብሶተኛው ብቻውን አይደለም። አንባቢው አጠገቡ እንደተቀመጠ ሆኖ ስለሚናገር፣ ምሬቱ ከሁለት ሰው በላይ ይካፈለዋል።

የቤተ ክርስቲያን ወጣት ሊያነብበው የሚገባው ግን በተለይ ከኤፍሬም ሥራዎች አንዱ ዓይነት ነው፤ ምስኪኑ ሀበሻ ከአንድዬ ጋር የሚነጋገርባቸው። ሀበሻው ብሶቱን ይዞ ይሄዳል፤ አንድዬ ያዳምጣል፤ ይጠይቃል፤ አንዳንዴም ይቀልዳል። «ድፍረት ነው፤ በእግዚአብሔር እንዲህ አይቀለድም» የሚል አስተያየት በወጣቶች መካከል ሰምቻለሁ። ስጋቱን አልንቀውም። ሆኖም በእነዚያ ንግግሮች ውስጥ የሚያስቀው ማን እንደሆነ ልብ ብለን ብናይ፣ በአብዛኛው ሀበሻው ነው፤ እኛ ነን። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚገርመኝ አቅጣጫው ነው። አንድ የዓለማዊ ጋዜጣ ዓምደኛ የሽንኩርት ዋጋን ወደ ሰማይ አቅንቶ ሲያመለክት፣ እኛ በጉባኤ ስንጸልይ የሽንኩርት ዋጋን ለማንሣት እናፍራለን። «ስለ አገራችን» እንላለን፤ «ስለ ትውልዱ» እንላለን። ሽንኩርት አንልም።

ሂሴ ከድፍረቱ ጋር አይገናኝም። አንድዬ አንዳንዴ በጣም ይስማማል። ሀበሻው የሚለውን እሱም ይላል፤ እንደ እኛ ይሰለቻል፤ እንደ እኛ ይተክዛል፤ ከቡና ጠጪ ጓደኛ የሚለየው ቦታው ከፍ ማለቱ ብቻ ይሆናል። የዕለት ብሶቱን ይዞ ወደ እግዚአብሔር የሄደ ሰው ያልጠበቀውን ጥያቄ ተጠይቆ ቢመለስ የበለጠ እፈልግ ነበር። እንደዚያ ያለ ብሶተኛ መጽሐፍ ቅዱሳችን ውስጥ አለ፤ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ግን ለብዙ ወጣቶች እንቅፋት የሚሆነውን ቃል ላንሣ። በ1954ቱ ትርጉም ዘጸአት 16 ላይ የእስራኤል ልጆች በምድረ በዳ አንጎራጎሩ ይላል። ማንጎራጎር ኃጢአት ነው ብለን ተምረናል፤ ጳውሎስም በፊልጵስዩስ 2 ያለ ማንጎራጎር እንድንሠራ ያዛል። በአማርኛችን ግን እንጉርጉሮ ዜማም ነው። ሴት ወይዘሮ ጥጥ እየፈተለች ወይም ወፍጮ ቤት ወረፋ እየጠበቀች በለሆሳስ የምታዜመው እንጉርጉሮ ይባላል። አንዱ ቃል ኃጢአቱንም ዜማውንም ይዟል። ታዲያ የቤት ብሶቱን የሚጽፍ ወጣት የትኛውን እያደረገ ነው?

መልሱን ለማግኘት ከዘኍልቍ 11 የተሻለ ቦታ አላውቅም። እዚያ ምዕራፍ ውስጥ ሁለት ብሶቶች አሉ። አንደኛው የሕዝቡ ነው። መና ሰለቸን ይላሉ፤ በግብፅ የበሉትን ዓሣና ሐብሐብ፣ ቀይና ነጭ ሽንኩርት ይዘረዝራሉ። ዝርዝሩ እንዴት ያለ ነው! ለወግ ጸሐፊ የሚያስቀና ዝርዝር ነው፤ ሽታው ይሸታል። ግን ይዋሻል። ዓሣውን በነፃ በላነው ይላሉ፤ የባርነቱን ጡብ ከሒሳቡ ውስጥ አውጥተውታል። ሁለተኛው ብሶት የሙሴ ነው። ይህን ሁሉ ሕዝብ እኔ አረገዝሁት ወይ፣ እንደ ሞግዚት በብብቴ እንድሸከመው የምታዘኝ ለምንድን ነው ይላል፤ እንዲህ ከሆነስ ግደለኝ ይላል። በንግግር ክብደት ካየነው የሙሴ ይብሳል። ሕዝቡ የፈለገው ሽንኩርት ነበር፤ ሙሴ የለመነው ሞት ነው። ሆኖም ሕዝቡ በአፍንጫው እስኪወጣ ድርጭት ይሰጠዋል፤ መቅሰፍትም ይከተለዋል። ለሙሴ ግን ሰባ ሽማግሌዎች ይሰጡታል፤ ሸክሙ ይካፈልለታል።

ልዩነቱን እንዲህ አየዋለሁ። ሕዝቡ እያንዳንዱ በየድንኳኑ ደጃፍ ቆሞ ያለቅሳል፤ ማንን እንደሚያናግር አይታወቅም። ሙሴ ለሚመለከተው ነው የተናገረው፤ የተናገረውም በትክክል የሸከመውን ሸክም ነው፤ ዓሣ አልጨመረበትም። እንግዲህ ስለ ቤቱ የሚጽፍ ወጣት ከሁለቱ ጥያቄዎች መሸሽ የለበትም፦ የጻፍኩት እንደሆነው ነው? ከማን ጋርስ ነው የማወራው? የልጅነቱን ቤት ገነት አድርጎ የአሁኑን ኪራይ ቤት ሲኦል የሚያደርግ ጽሑፍ ስንቱን አንብበናል! በዚያ በልጅነቱ ቤት ጣሪያው ያፈስ እንደነበር ወንድሙን ብንጠይቀው ይነግረናል።

ቀደም ብዬ እመለስበታለሁ ያልኩት ብሶተኛ ዮናስ ነው። ስለ ዮናስ ስንሰብክ ዓሣውን እንሰብካለን፤ ነነዌን እንሰብካለን፤ ምዕራፍ 4 ላይ ስንደርስ ሰዓቱ ያልቃል። በዚያ ምዕራፍ ግን አንድ ሰው ከከተማ ወጥቶ ዳስ ሠርቶ ተቀምጧል፤ ፀሐይ አለ፤ ቅል በቀለለት፤ እጅግ ደስ አለው። በመጽሐፉ ሁሉ ዮናስ ደስ አለው የሚባለው እዚህ ብቻ ነው፤ በአንዲት ቅል። በማግሥቱ ትል ይመታታል፤ የምሥራቅ ነፋስ ይነፍሳል፤ ፀሐይዋ ራሱን ትመታዋለች፤ ዮናስም መኖር ይብቃኝ ይላል። ከዚህ የበለጠ ትንሽ ብሶት የትም አናገኝም። ጥላው ደረቀበት፤ አለቀ። እግዚአብሔር ይህን ብሶት አላፈረበትም፤ «ይህማ ምን አላት፣ ትልቁን ነገር አስብ» ብሎ አላለፈውም። ስለ ቅሊቱ ጠየቀው። ጥያቄውን ከቅሊቱ ጀምሮ ነው ወደ ከተማይቱ ሰዎችና ወደ እንስሶቿ የወሰደው። መጽሐፉም በዚያው በጥያቄው ላይ ያበቃል። ዮናስ ምን መለሰ? አይነግረንም። «እኛም ከዮናስ የምንማረው» የሚል አንቀጽ አልተጨመረበትም፤ ያንን የጨመርነው እኛ ነን።

ሉቃስ 10 ላይ ያለችው ማርታም የእኛው ቤት ሰው ናት። እኔ ብቻዬን ወጥ ቤት ስንከራተት እህቴ ተቀምጣለች፤ ንገራት እንጂ! ይህን አቤቱታ በየቤታችን ያልሰማ ማን ነው? ጌታ ስሟን ሁለት ጊዜ ጠርቶ ይመልስላታል። ከዚያ በኋላ ማርታ ወደ ጓዳ ተመለሰች ወይስ ተቀመጠች፣ ሉቃስ አይጽፍም። እኔ የማውቃቸው እህቶች ክፍሉን ባነበቡ ቁጥር «ታዲያ ምግቡን ማን ጨረሰው?» ይላሉ። ሰባኪዎች በዚህ ጥያቄ ይስቃሉ። ጥያቄው ግን የሚያስቅ ብቻ አይደለም፤ አንዲት ወጣት ስለ እሁድ ምሳ እውነተኛ ወግ ልትጽፍበት የምትችል ጥያቄ ነው፤ ከጉባኤ በኋላ ወንድሞች ሳሎን ሆነው ስለ ስብከቱ ሲወያዩ እህቶች ሰሐን ሲያጥቡ የሚታየውን። መዝሙር 88ን (በአንዳንድ እትም 87 ነው) ደግሞ አጨራረስ ለሚያስጨንቀው ጸሐፊ አስታውሰዋለሁ። የቆሬ ልጆች መዝሙር ነው፤ በጉባኤ የሚዘመር ነው፤ የሚያበቃውም ጨለማ ላይ ነው። መጨረሻው ላይ መብራት ያበራበት የለም።

አሁን ወደ መዝናኛው ልምጣ፤ እዚህ ላይ ጽሑፎቻችን ከሁሉ ይልቅ ይደክማሉና። ስለ ቴሌቪዥን የሚጽፉ ወጣቶቻችን ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ይኮንናል፤ ሁለተኛው ንስሐ ይገባል። ሳሎኑን የሚያሳየን የለም። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ጀምሮ «ጥቁር ፍቅር»ን የመሳሰሉ የቱርክ ድራማዎች በአማርኛ መናገር ሲጀምሩ፣ በየቤቱ የእራት ሰዓት፣ የጸሎት ሰዓት፣ የእንግዳ ሰዓት ሁሉ ተነቃነቀ። ይህ ትልቅ የቤት ታሪክ ነው። በመድረክ ላይ ስለዚያ ብዙ ተባለ፤ በጽሑፍ ግን እናታችን ድራማውን ስታይ ምን እንደምትመስል የነገረን ወጣት የት አለ?

እሷ መላውን ቀን ስትቆም የዋለች ናት። የተቀመጠችው አሁን ነው፤ ያውም ሶፋው ጫፍ ላይ፣ ልትነሣ እንደተዘጋጀች። ጭኗ ላይ ሰሐን አለ፤ ሽንኩርት ትከትፋለች። ዓይኗ ያነባል፤ ከሽንኩርቱ ይሁን ከድራማው አይታወቅም። ኢስታንቡል ያለችው ገጸ ባሕርይ ልትታለል ስትል «ኧረ ጌታ ሆይ፣ ድረስላት!» ትላለች። ልጆቿ ይስቁባታል። እኔ ግን ያንን ጸሎት የሰማ ጸሐፊ ብዕሩን ቢያነሣ ደስ ይለኛል። ጸሎት ነው? ልማድ ነው? ለሌለች ሴት ይጸለያል ወይ? እናቲቱ በእሷ ስም ለማን እየጸለየች ነው? ይህን ሁሉ ለመጠየቅ ድራማውን ማጽደቅ አያስፈልግም። ድራማው ደካማ ሊሆን ይችላል፤ ጊዜ ይበላል፤ ተንኮል ያስተምራል ብሎ የሚከራከርም መብቱ ነው። ግን ያቺ ሴት ለምን ያን አንድ ሰዓት እንደምትፈልገው ያልገባው ሰው ሰዓቱን እንድትተው ሲመክራት ማን ይሰማዋል?

ዲሽ ማስተካከልም አለ። አንዱ ጣሪያ ላይ ወጥቷል፤ አንዱ ቴሌቪዥኑ ፊት ነው፤ አንዷ በር ላይ ቆማ መልእክት ታቀባብላለች። «መጣ?» «አልመጣም!» «አሁንስ?» «መጥቶ ነበር፣ ሄደ!» «ወደ ግራ መልሰው!» «የማን ግራ?» ቆርቆሮው ይንጫጫል። አባት «ውረድ፣ ጣሪያውን ልታፈርሰው ነው» ይላሉ፤ ዜናው እንዲያመልጣቸው ግን አይፈልጉም። ከዚህ ትዕይንት «ሕይወታችንን ወደ ጌታ ካላዞርን ሲግናል የለም» የሚል ስብከት ሲወጣ ሁለት ጊዜ ሰምቻለሁ። ያ ስብከት በጎ አሳብ አለው። እኔ ግን ስለ አባትየው ማወቅ እፈልጋለሁ፤ አይሆንም እያሉ ስለሚፈልጉት አባት። ጣሪያው ላይ ያለው ልጅም ከዚያ ከፍታ ሰፈሩን ሲያይ ምን እንዳየ ቢነግረኝ እወዳለሁ።

ለወግ ጸሐፊዎቻችን አንድ ከበድ ያለ ነገር ቀርቶኛል። ይህ ከአጨራረስ ችግር ይብሳል፤ ስለሚያስቅም አይታወቅም። በብዙዎቹ የቤት ወጎች የሚሳቅበት ሰው ማን ነው? የቤት ሠራተኛዋ ናት። ብርጭቆ የሰበረች፣ ወጥ ያሳረረች፣ ፍሪጁን ከሶኬት ነቅላ ስልኳን ቻርጅ ያደረገች፣ ቃል በገጠር አነጋገር ያጠፋች። ስም የላትም፤ «ሠራተኛችን» ናት። ጸሐፊው ስለ እናቱ ሲጽፍ ይራራል፤ ስለ ወንድሙ ሲጽፍ ያፌዛል ግን ይወዳል፤ ወደ እሷ ሲደርስ ቀልዱ ጥርስ ያወጣል። ይህ ከድሮም ጀምሮ የከተማ ወግ ሕመም ነው፤ የእኛ ብቻ አይደለም። ሆኖም እሁድ ጠዋት ሁላችን በአንድ አካል ብልቶች ነን ብለን የምንዘምር ሰዎች ስንጽፈው ይከብዳል። አዳራሹ ውስጥ ያ ቀልድ ሲነበብ ከኋላ ወንበር ላይ ማን ተቀምጦ እንደሚሰማ ጸሐፊው አስቧል?

እስቲ በቅዳሜው እንጀራ እንሞክረው። በብዙዎቻችን ቤት ያን ቅዳሜ ጠዋት ምጣዱ ፊት ያለችው የቤቱ ልጅ አይደለችም። ወንድምየው ቆጣሪውን ሳያይ ሲመለስ እሷ አይታዋለች፤ ምንም አላለችም፤ ለማለትም ቦታዋ አይደለም። ቡሃቃውን ይዛ ወደ ተኳረፉት ጎረቤት እንድትሄድ የምትላከውም እሷ ናት፤ ኩርፊያው የእሷ አይደለምና። የጎረቤት ሠራተኛ በሩን ትከፍትላታለች። ሁለቱ ማገዶው ዙሪያ ቁጭ ብለው የቀረውን ሊጥ ሲጋግሩ ስለ ሁለቱ ቤቶች ምን እንደሚጨዋወቱ፣ ምን እንደሚስቁ ባለቤቶቹ አይሰሙም። ማታ ድራማው ሲጀምር በርጩማዋን በሩ አጠገብ አድርጋ ታያለች። ውሃው ሲፈላ ትነሣለች። ስትመለስ ትዕይንቱ አልፏል፤ «ምን ሆነች?» ብላ ትጠይቃለች፤ ሁሉም ዓይኑ ቴሌቪዥኑ ላይ ስለሆነ የሚመልስላት አይኖርም።

ለዚህ መጽሔት ከሚጽፉልን መካከል እስካሁን እሷ የለችም። ከእነዚህ እህቶቻችን ውስጥ ግን ማታ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ብዙ አሉ፤ ደብተርና እስክሪብቶ አላቸው፤ በኅብረታችንም መጨረሻው ረድፍ ላይ ይቀመጣሉ። ለሚቀጥለው የሥነ ጽሑፍ ምሽት የአንባቢዎቹን ዝርዝር የምታዘጋጁ ወንድሞችና እህቶች፣ አንዷን ሄዳችሁ ጠይቋት፤ ጽፋ ስትመጣም መልእክቱ ምንድን ነው አትበሏት።